በጾም ቀን መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ነው የሚውጡት?

ክቡራትና ክቡራን፣

እንዲህ ብለህ ጀምር ያለኝ የካርድ ክፍሉ ወንዳወቅ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ ጤና ጣቢያ በር ላይ ቁሜ «ደህና አደራችሁ» እያልሁ ያስገባኋችሁን ሰዎች ዛሬ ክቡራን ብላችሁ ትሥቁብኛላችሁ ብዬው ነበር። ይኸው ሣቃችሁ። ወንዳወቅ፣ አላልሁህም?

ከሁሉ በፊት፣ ይህን ድንኳን ለተከላችሁ፣ ወንበሩን ለተሸከማችሁ፣ ወጡን ለሠራችው ለሰብሊ እግዜር ይስጥልኝ። ስንብቴን ዓርብ ማድረጋችሁ በጉን አተረፈው። እሱም ያመሰግናችኋል። ደግሞ የሚጾም ሰው አለ ብላችሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየታችሁን ልብ ብያለሁ። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

ጋቢው አምሮልኛል። ስለ ጋቢው ግን አንድ ነገር ልናገር፦ ለብሼው ስመጣ ከላዩ ላይ አድርጋችሁ የደም ግፊቴን አትለኩኝ። እጄን አውጡ፣ እጅጌዬን ሰብስቡ። ዘበኛ ይህን ከየት አወቀ እንዳትሉ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በተከፈተ በር አጠገብ የቆመ ሰው ጆሮ የለውም እንዴ?

ይህን ወረቀት የጻፍሁት ራሴ ነኝ። ሲስተር ሕሊና «ጋሼ እንዳለው፣ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፍልዎ» ብላኝ ነበር። እምቢ አልሁ። መሠረተ ትምህርት ያስተማረኝን ፊደል ለደመወዝ ፊርማ ብቻ ሳውለው ኖሬ በመጨረሻው ቀን ላሳፍረው? አራት ቀን ፈጀብኝ። ፊደል ገድፌ እንደሁ እናንተ አታዩትም፤ የምትሰሙት በጆሮ ነው።

ፋይሌ ስልሳ ዓመት ሞላው ይላል። እኔ ከፋይሌ በአምስት ዓመት እበልጠዋለሁ። ሲከፍቱት እናቴን የጠየቃት የለም። ስለዚህ ጡረታ የወጣው ፋይሌ ነው፤ እኔ ገና ነኝ።

እንግዲህ ዘበኛ ምን ሠራ ትሉ ይሆናል። በሩን ከፈተ፣ በሩን ዘጋ። ሌላስ?

በሩ አጠገብ ያለችውን የእንጨት አግዳሚ ታውቋታላችሁ። ያስቀመጥኋት እኔ ነኝ። ከጅጋ ወዲህ ካሉት ቀበሌዎች ያለው ገበሬ ሐኪሙ እንዳያመልጠው ብሎ ዳገቱን እየሮጠ ይመጣል። ላቡ ሳይደርቅ ታስገቡትና ትለኩታላችሁ። ቁጥሩ ጣራ ይነካል። እሱ ይደነግጣል፣ እናንተም ትደነግጣላችሁ፣ የደነገጠ ሰው ሲለካ ደግሞ ይብስበታል። እኔ ያንን አይቼ አግዳሚዋን አመጣሁ። «እስቲ አረፍ ይበሉ፣ ትንፋሽዎን ይሰብስቡ፣ ወሬም አይጀምሩ» እላለሁ።

አንድ ቀን አዲስ የመጣ ሐኪም ተቆጣኝ። «ጋሼ፣ ሰው ለምን ያግታሉ?»

«አላገትሁም» አልሁት። «ሰውየው ደርሷል፣ ልቡ ገና መንገድ ላይ ነው። ልቡ ሲደርስ አብሬ አስገባቸዋለሁ።»

ሣቀ። በሳምንቱ ራሱ ሌላ አግዳሚ አስመጣ። ሁለቱም አሉ፤ እንዳይነሱብኝ።

ስለ ጨውም ልናገር። ሚስቴ ታንጉት ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ወጤን የምሠራው እኔ ነኝ። ወንድ ወጥ ሲሠራ ምን ያደርጋል? ወጥ ወጥ እንዲል ጨው ይጨምራል። አሁንም ወጥ ወጥ ካላለ አሁንም ይጨምራል። ሰብሊ ቀምሳው «ጋሼ፣ ይህ ለበሬ አሞሌ ነው እንጂ ለሰው ወጥ አይደለም፤ ኧረ ያግቡ!» አለችኝ። ጨው ለመቀነስ ሚስት አያስፈልግም፤ እጅ መሰብሰብ ይበቃል አልኋት። ሰበሰብሁት። መጀመሪያ ሰሞን ወጡ አፈር አፈር አለኝ። በወሩ ምላሴ ለመደው። ያላገባችሁትም ያገባችሁትም ሞክሩት።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልግባ። ዛሬ የማልናገረው ከሆነ መቼም አልናገረውም።

ታንጉትን የምታውቋት ጥቂቶች ናችሁ። ረጅም ሴት ነበረች፤ ስትሥቅ ከበሩ እስከ ፋርማሲው ትሰማለች። ጾመኛ ነበረች። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ፍልሰታ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ጠብታ ውኃ በአፏ አይገባም። አንድ ቀን ምሳ ልታደርስልኝ ስትመጣ «እስቲ ይለኩሽ» ብዬ ለጨዋታ አስገባኋት። ጨዋታው ጨዋታ አልሆነም። ግፊት አለባት ተባለ፣ ካርድ ወጣላት፣ በቀን አንድ ፍሬ መድኃኒት ታዘዘላት። ፊደል ስለማትለይ በላስቲኩ ላይ በእስክሪብቶ ፀሐይ ሣሉላት። ጧት ማለት ነው።

ጧት ደግሞ ጾም ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ጠየቀችኝ። «እንዳለው፣ ይህን መድኃኒት በጾሙ ምን ላድርገው? አንተ እዚያው ነህና ጠይቅልኝ።»

ከበሩ እስከ ነርሷ ክፍል ሃያ አምስት እርምጃ ነው። በኋላ ቆጥሬዋለሁ። ሃያ አምስት እርምጃ ሄጄ አንድ ቃል መጠየቅ አቃተኝ። ለምን? የልጅ ልጄ የምታህል ነርስ ፊት ቁሜ አላውቅም ማለት አልወደድሁም። እኔ እዚህ ግቢ የማላውቀው ነገር አለ እንዴ? ስለዚህ ራሴ ጳጳስ፣ ራሴ ሐኪም ሆኜ ፈረድሁ። «ጾሙ እስኪፈታ ተይው» አልኋት። «እግዜር አይተኛም።»

እሷም አመነችኝ። ተወችው።

በየወሩ መድኃኒቷን የምወስድላት እኔ ነበርሁ። የቤት ሰው አይደለሁ? ሰልፍ የለ፣ ልኬት የለ፣ በመስኮት ትሰጡኛላችሁ። ያኔ የነበረችው ነርስ ዛሬ ወደ ሌላ አገር ተዛውራለች፤ ደግ ልጅ ነበረች። «ታንጉት እንዴት ናት?» ትለኛለች። «ደህና ናት» እላለሁ። «መድኃኒቷን ትውጣለች?» ትለኛለች። «አዎ» እላለሁ። ካርዱ ላይ «በትክክል ትወስዳለች» ብላ ትፈርማለች። ፊርማው የሷ ነው፣ ውሸቱ የኔ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ እቤቴ መደርደሪያ ላይ ከነላስቲኩ ተደርድሯል።

በሰሙነ ሕማማት፣ ማክሰኞ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቀኝ እጇ ነጠላዋን መያዝ አቃተው። ነጠላዋ መንገድ ላይ ወደቀ። ጎረቤት አንስቶ ሲያለብሳት አፏ ተጣሟል። በባጃጅ ወደ ፍኖተ ሰላም ወሰድናት። እዚያ ሐኪሙ ጠየቀኝ፤ «መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትውጥ ነበር?»

ዞር ብዬ አየኋት። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። መናገር አትችልም።

«አዎ» አልሁ።

ፋሲካን በሰው እጅ ሾርባ እየተጎነጨች ፈሰከች። በታመመች በአሥራ አንደኛው ቀን አረፈች።

ብትውጠው ኖሮ ትተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። እርግጠኛ ሆኖ የሚነግረኝ ሐኪምም አላገኘሁም። እኔ የማውቀው ጠይቅልኝ መባሌንና አለመጠየቄን ነው።

በዓመቱ እኔው ራሴ ግፊት ተገኘብኝ። ሲስተር ሕሊና ላስቲኩ ላይ ፀሐይ ሣለችልኝ። ያችው የታንጉት ፀሐይ ናት። ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ ነፍስ አባቴ ወደ ቄስ ክንፈሚካኤል ሄድሁ።

«አባቴ፣ መድኃኒት በጾም ይዋጣል ወይ?»

«በቀን ስንቴ ነው?»

«አንዴ።»

«ጾሙ እስከ ስንት ሰዓት ነው?»

«እስከ ዘጠኝ።»

«ከዘጠኝ በኋላ ያለውን ጊዜ ማን ቀማህ? ሂድና ሐኪሟን ጠይቃት። የግድ ጧት ነው ካለችህ ተመልሰህ ና፣ እኔ እፈታሃለሁ። ጾም ሰውን ለማዳን ነው የተሠራው።» ቀጥለው ትክ ብለው አዩኝ። «ለታንጉት ማን ነበር የፈረደላት?»

ንስሐዬ የጀመረው የዚያን ቀን ነው።

ተነሥቼ መጣሁ፤ ያችን ሃያ አምስት እርምጃ ሄድኋት። «ሕሊና፣ ይህን መድኃኒት ማታ ብውጠውስ?»

«ይችላሉ ጋሼ። ይሄኛው ማታም ይሆናል። ዋናው በየቀኑ፣ በአንድ ሰዓት፣ ሳይዘሉ መሆኑ ነው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎስ ለምን አልጠየቁኝም?»

ከዚያ ላስቲኩን ተቀብላ ፀሐይዋን ሰረዘችና ጨረቃ ሣለችበት። ይኸው ነው። ሌላ ጥበብ የለውም። አንዲት ጨረቃ።

ተሳስታችሁ እንዳትሰሙኝ። እንዳለው መድኃኒት ሁሉ ማታ ይዋጣል አለ ብላችሁ አታውሩብኝ። ሰዓቱ የማይነቃነቅ መድኃኒት አለ። ስኳር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እስከ ዘጠኝ ልቆይ ቢል መንገድ ላይ ይወድቃል። እኔ ያልሁት ውጡ አይደለም፣ ተዉም አይደለም። ጠይቁ ነው ያልሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ላይ መጠየቅ ያዝሁ። እንዴት እንደምጠይቅ ግን ያስተማረችኝ ወይዘሮ እማዋይሽ ናት። የገጠር ሴት ናት፣ ለግፊት ክትትል በየወሩ ትመጣለች። ስሜን ጥራው፣ አላፍርም ብላኛለች።

ከሐኪሙ ወጥታ ስትሄድ አገኘኋት። «እመት፣ መድኃኒቱን ይውጣሉ?» አልኋት።

«አዎ፣ እውጣለሁ።»

የኔው «አዎ» ነው። ድምፁን አውቀዋለሁ። ትንሽ አስቤ፣ «በጾም ቀንስ፣ በስንት ሰዓት ነው የሚውጡት?» አልኋት።

ግራ ቀኝ አየች። «አንተ እዚህ ዘበኛ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ዱላህን አትጠብቅም?»

«ዱላዬ የትም አይሄድም። ለዘበኛ ቢናገሩት ምን ይጎዳዎታል? መርፌ አልያዝሁ።»

ሣቀች። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ሠላሳ ስምንት ፍሬ መድኃኒት ቋጥራለች። «የጾሙ ነው» አለችኝ። «የመንግሥት ዕቃ እንዳይባክን ልመልስላቸው ብዬ አምጥቼ፣ ሐኪሙን ሳየው ፈራሁ።»

«ሐኪሙ ትውጫለሽ ወይ ብሎ አልጠየቀዎትም?»

«ጠይቆኛል። አዎ አልሁት።»

«ለምን?»

«ወይ ጉድ! ነጭ ለብሶ፣ ደክሞ፣ አክብሮ ለሚጠይቅ ልጅ እንዴት አይ ይባላል? ይከፋዋል እኮ!»

ሰማችሁ? እናንተ እንዳይከፋችሁ ብላ ነው። የኛ አገር ሰው እንዲህ ነው። ትውጫለሽ ወይ ብላችሁ ስትጠይቁት መልሱን አብራችሁ ሰጥታችሁታል። አዎ ብሎ ያከብራችኋል፣ አክብሯችሁ ይሄዳል፣ ሄዶ ይወድቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ በሽታውን መች ደበቅን? መድኃኒቱን ነው የደበቅነው። በስንት ሰዓት ነው የሚውጡት ብላችሁ ጠይቁት። ያን ጊዜ ሰዓት መፈለግ ይጀምራል። ሰዓት ካጣ እውነቱን ያወጣዋል፣ እፍረትም አይይዘውም።

እማዋይሽን እጇን ይዤ መለስኋት። ለሷም ሰዓቷን አዛወሩላት። ዛሬም ትመጣለች፣ ዛሬም ትሰድበኛለች። «ዘበኛው፣ ዱላህ ደህና ነው?» ትለኛለች። ደህና ነው፣ እሷም ደህና ናት።

ለአቶ ቴዎፍሎስ ምስጋና አለኝ። ኃላፊያችን በዚህ ጉዳይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፈውብኛል። አትቁነጥነጡ፣ አቶ ቴዎፍሎስ፣ ወቀሳ አይደለም። «የታካሚን ምሥጢር በር ላይ መጠየቅ ክልክል ነው» ይላል። ያን ደብዳቤ አንብቤ ለመጨረስ ሁለት ቀን፣ ለመናደድ አንድ ወር፣ እውነት መሆኑን ለማመን አንድ ዓመት ፈጀብኝ። እውነትዎን ነው። የሰው ገመና ባጃጅና ጋሪ በሚያልፍበት በር ላይ አይጠየቅም። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ እንጂ መጠየቁን ግን አልተውሁም። ይህን ዛሬ ይወቁልኝ። ከእንግዲህ ምን ያደርጉኛል?

ሰኞ ሌላ ዘበኛ በሩ ላይ ይቆማል። ቦርሳ ይፈትሻል። የነጠላ ጫፍ አይፈትሽም፤ መፈተሽም የለበትም። ታዲያ ማን ይጠይቅ?

እናንተ ናችሁ። ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ግፊት ከለካችሁ በኋላ። ጥያቄዋ በእያንዳንዱ የክትትል ካርድ ላይ ትጻፍ። የሠራተኛ ሚስትም ሆነ የሠራተኛ እናት ራሷ መጥታ ትለካ፤ ለቤት ሰው በመስኮት መስጠት ይቅር። ደግነት መስሏችሁ ነው፣ አውቃለሁ። እኔን አይታችሁ ተዉት።

አቶ ቴዎፍሎስ፣ ራስዎን ነቀነቁልኝ፤ አይቻለሁ። ይህን ወረቀቱ ላይ አልጻፍሁትም፣ ግን ራስ መነቅነቅ አያጠግበኝም። በአፍዎ ይበሉልኝ፣ ሁሉም ይስማ።

«ከሰኞ ጀምሮ» አሉ። ሰምታችኋል? ሰብሊ፣ አንቺ አትረሺም፣ አስታውሺያቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ወንዳወቅ፣ ትናንት የለመንሁህን ካርድ አምጥተኸዋል? ስጠው ለሕሊና።

የታንጉት ካርድ ነው። ዛሬም «በትክክል ትወስዳለች» ይላል። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ መደርደሪያ ላይ ቁሞ ይዋሻል። እሷ ውሸት አታውቅም ነበር። ደግሞ ነገ አንድ ወጣት ሐኪም ያገላብጠውና ይህች ሴት መድኃኒቱን እየዋጠች ነው የሞተችው፣ መድኃኒቱ አይረባም ይል ይሆናል። ለዚያ ሐኪም በሽተኛ ማዘን አለብኝ።

ሕሊና፣ ልጄ፣ እስክሪብቶሽን አውጪ። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ በጾም ቀን አትውጥም ነበር። በሁዳዴ አቁማ ነበር። ጠይቅልኝ ብላው፣ ባሏ ሳይጠይቅላት ቀረ።

ኧረ አታልቅሺ፣ ፊደሉ ይፈስብሻል። ጻፊው።

ከሥሩ እኔ እፈርማለሁ። በጣት አይደለም፣ በፊደል።

በሉ እንግዲህ ቁሙልኝ፣ ልመርቃችሁ። ጉልበታችሁ አይዛል፣ እጃችሁ አይንቀጥቀጥ። የወለዳችሁት ይደግላችሁ፣ ያልወለዳችሁ በዓመቱ እቀፉ። እናንተ ሰው ስትጠብቁ እናንተን የሚጠብቅ አትጡ። ሌላውን ስታክሙ የራሳችሁን ልኬት የምትረሱ አትሁኑ። ኃላፊያችን ደብዳቤ የሚጽፉበት ጥፋት እጡ። እኔም ሰኞ ጧት ከአግዳሚዋ ላይ ቁጭ ብዬ ተራዬን እጠብቃለሁ። ማንም አውቀዋለሁ ብሎ እንዳያሳልፈኝ።

ከሁሉ በላይ ግን፣ በሽተኛው እውነቱን የሚነግራችሁ ሰዎች ያድርጋችሁ።

አሜን በሉ።